ያለ ኪሎ ሜትር የተለካ ሰማይ

ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት በሥነ ፈለክ አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት ይባላል። ኪሎ ሜትርን ወደዚህ መለኪያ መቀየር ዛሬ ቀላል ስሌት ነው፤ የተሰጠውን ርቀት ለ149,597,870.7 ማካፈል፣ አለቀ። መለኪያው ለምን እንዳስፈለገ ሲነገርም ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ የሰማይ ርቀት በኪሎ ሜትር ሲጻፍ ቁጥሩ ስለሚረዝም ለአያያዝ እንዲመች ታስቦ ነው ይባላል። ነገሩን ከሥሩ ለሚያጤነው ሰው ይህ ምክንያት ውሃ አይቋጥርም። ቁጥር ስለረዘመ ብቻ አዲስ መለኪያ አይፈለግም፤ ሚሊዮንና ቢሊዮን የሚባሉ ቃላት አሉ፣ የመንግሥት በጀትም በእነሱ ይጻፋል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የራሳቸውን መለኪያ የያዙት ርቀቱን በኪሎ ሜትርም ሆነ በማይል መናገር ስላልቻሉ ነው። ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው ያላቸውን የርቀት ምጥጥን አጥርተው ያውቁ ነበር፤ ያ ምጥጥን እኛ በእግራችን በምንሄድበት፣ በገመድ በምንለካበት መለኪያ ስንት እንደሚሆን ግን ለረጅም ዘመን የነገራቸው አልነበረም። ይህ ክፍተት እንዴት እንደተዘጋ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ ይገባዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። የሳሞስ ሰው የሆነው አሪስታርኮስ፣ ጨረቃ ልክ ግማሿ በርቶ በምትታይበት ጊዜ ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር በጨረቃ በኩል 90 ዲግሪ ያለው ሦስት ማዕዘን እንደሚሠሩ አስተዋለ። በዚያች ሰዓት ከምድር ሲታይ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን 87 ዲግሪ ብሎ ያዘና ፀሐይ ከጨረቃ ከ18 እስከ 20 እጥፍ ትርቃለች ሲል ደመደመ። ትክክለኛው ማዕዘን 89.85 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ መልሱን ግን ወደ 390 እጥፍ ያደርሰዋል። ጂኦሜትሪው እንከን አልነበረውም፣ የጎደለው ማዕዘኑን የሚለካበት መሣሪያ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ መልሱ ፀሐይ ከጨረቃ ስንት እጥፍ ትርቃለች የሚል ምጥጥን ነው እንጂ በመሬት መለኪያ የተነገረ ርቀት አይደለም። የመሬቱን መለኪያ ያመጣው ብዙም ሳይቆይ የተነሣው ኤራቶስቴኔስ ነው። በእስክንድርያና ዛሬ አስዋን በምትባለው በሲየን የበጋ ቀትር ጥላን አወዳድሮ ልዩነቱ የአንድ ክብ ሃምሳኛ እንደሆነ አገኘ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 5,000 ስታዲያ በሃምሳ አባዝቶም የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሰማይን በምድር ሬዲየስ መስፈር ተቻለ። በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ፀሐይ ከምድር 1,210 የምድር ሬዲየስ ትርቃለች ሲል ጻፈ። ይህም በዛሬው ስሌት 7.7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእውነተኛው ሃያ እጥፍ ሊሞላ በሚቃረብ መጠን ያንሳል። ሆኖም 1,400 ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ተቀናቃኝ አልገጠመውም።

ምጥጥኑ በጥራት የታወቀው ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይን መካከል ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን የሚዞሩ ከሆነ ከምድር የምናየው እንቅስቃሴያቸው የእያንዳንዳቸውን ርቀት በምድርና በፀሐይ ርቀት እየሰፈረ ይነግረናል። ኬፕለር ደግሞ በ1619 ሦስተኛውን ሕጉን አወጣ፤ ፕላኔቱ ፀሐይን የሚዞርበት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከርቀቱ ኪዩብ ጋር ይመጣጠናል። ቬነስ ፀሐይን የምትዞረው በ224.7 ቀን ነው፣ ምድር በ365.25። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 0.6152 እናገኛለን፤ ይህን በራሱ አባዝተን የውጤቱን ኪዩብ ሩት ስንወስድ 0.7233 ይመጣል። ቬነስ ከፀሐይ የምትርቀው ምድር ከምትርቀው 0.7233 ያህል ነው ማለት ነው። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው ቀን መቁጠር ብቻ ነው፤ ቀን መቁጠርን ደግሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቅበታል። በዚሁ መንገድ ማርስ 1.52፣ ጁፒተር 5.2 ይሆናሉ። እንግዲህ አስትሮኖሚካል ዩኒት በተግባር ሥራ ላይ የዋለው ያኔ ነው፤ ቁጥሮቹ እስከ አራት አኃዝ ሲጠሩ የመለኪያው የራሱ ርዝመት ግን በሦስት እጥፍ ይሁን በሃያ እጥፍ የተሳሳተ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ኬፕለር ራሱ ፀሐይ በጥሊሞስ ካለው ቢያንስ በሦስት እጥፍ ትርቃለች ከማለት አላለፈም።

ቀጣዩ እርምጃ ቀላል ይመስላል። ምጥጥኑ ሁሉ ከታወቀ ከፀሐይ ቤተሰብ አንዱን ርቀት ብቻ በመሬት መለኪያ ማግኘት በቂ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ቬነስ ወይም ማርስ ለምድር ሲቀርቡ ከፀሐይ ይልቅ ለመለካት ይመቻሉ። የመለኪያው ዘዴ ፓራላክስ ይባላል። ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዓይኑ ያየ ሰው ጣቱ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ቦታ ሲቀይር ያያል፤ የዓይኖቹን ርቀትና የቦታውን ለውጥ ካወቀ የጣቱን ርቀት ማስላት ይችላል። በሰማይ ሥራ ዓይኖቹ በምድር ላይ የተራራቁ ሁለት ቦታዎች፣ ግድግዳው ከዋክብት ናቸው። ችግሩ ማዕዘኑ ማነሱ ነው። ከፀሐይ ሆኖ የምድርን ሬዲየስ ለሚያይ ተመልካች ማዕዘኑ 8.794 ሰከንድ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ስላለው ይህ የዲግሪ 409ኛ ክፍል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው የሦስት መቶ ዓመት ትግል በሙሉ ከዚህች ጥቂት ሰከንድ ጋር የተደረገ ነው።

በ1639 ዲሴምበር 4 በእንግሊዝ አገር ማች ሁል በምትባል መንደር፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ ጄረማያ ሆሮክስ የሚባል ወጣት የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ አሳልፎ በወረቀት ላይ በተሣለ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ላይ አሳረፈ። ቬነስ በዚያ ቀን በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አስቀድሞ ያሰላው እሱ ነበር፤ ኬፕለር የ1631ዱን ተንብዮ ይህን ስቶታል። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ጥቁሯ ነጥብ ሙሉ በሙሉ በክቡ ውስጥ ታየች፤ ለ10 ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ሆሮክስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የነጥቧን ስፋትና አካሄድ ለካ፤ ቬነስ ከተገመተው ሁሉ በጣም ታንስ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ፀሐይ ከ15,000 የምድር ሬዲየስ የማያንስ ርቀት አላት አለ። ድምዳሜው በፓራላክስ የተለካ ሳይሆን ስለ ፕላኔቶች መጠን በያዘው ሐሳብ የተደገፈ ስለነበር እንደ ማስረጃ ደካማ ነው። የበጥሊሞስን ቁጥር ከአሥር እጥፍ በላይ ማሳደጉ ግን ትልቅ ድፍረት ነበር። በ1641 በ22 ዓመቱ ሞተ።

እውነተኛው የፓራላክስ ልኬት የተደረገው በ1672 ነው። ማርስ ለምድር በምትቀርብበት በዚያ ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ዣን ሪሼን በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ካየን ላከው፤ ባልደረባው ካሲኒ ፓሪስ ላይ ቀረ። ሁለቱ ማርስን ከአጠገቧ ካሉ ከዋክብት አንጻር ለኩ። ካሲኒ የፀሐይ ፓራላክስ 9.5 ሰከንድ ነው አለ፤ ርቀቱም ወደ 138 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የዘመኑ መሣሪያ የሚስተው ሰከንድ ከሚፈለገው ሰከንድ ብዙም የማያንስ ከሆነ፣ ካሲኒ ወደ እውነቱ የቀረበው በዕድል ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቁጥሩን እንደ ጥብቅ ልኬት መያዝ አይገባም። ነገር ግን ልኬት ርቀቱ ይህ ነው ብሎ ባይነግር እንኳ ከዚህ ሊያንስ አይችልም ማለት ይችላል። የበጥሊሞስ ርቀት እውነት ቢሆን ኖሮ የማርስ ቦታ ለውጥ በፓሪስና በካየን መካከል ማንም ሊስተው በማይችል መጠን ይታይ ነበር። አልታየም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ፍላምስቲድ ለብቻው የደረሰበት ውጤትም ከዚህ አልራቀም። የ1,400 ዓመቱ ቁጥር በዚህ ቀረ።

ብርሃንም ወደዚህ ታሪክ የገባው በምጥጥን በር ነው። ሮመር በ1676 የጁፒተርን ጨረቃ ግርዶሽ ተከታትሎ ብርሃን የምድርን ምሕዋር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 22 ደቂቃ ይወስድበታል አለ። ትክክለኛው 16 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ያህል ነው። ብርሃን በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የተቻለው ሃይገንስ የሮመርን ደቂቃ ከምሕዋሩ ስፋት ጋር ሲያጋጥም ብቻ ነው። የፀሐይ ርቀት ካልታወቀ የብርሃንም ፍጥነት በመሬት መለኪያ ሊታወቅ አልቻለም።

ኤድመንድ ሃሌይ በ1716 ያቀረበው ሐሳብ በማዕዘን መለካት የተቸገሩትን ሰዎች ወደ ሰዓት መለሳቸው። ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በሰሜንና በደቡብ ያሉ ተመልካቾች በተለያየ መስመር ስታቋርጥ ያይዋታል፤ የመስመሮቹ ርዝመት ስለሚለያይ የምትቆይበት ጊዜም በደቂቃዎች ይለያያል። ማዕዘን መለካት ቀርቶ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በሰከንድ መመዝገብ ይበቃል። ሃሌይ ይህን ሲጽፍ ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር፤ ቬነስ የምታልፈው በ1761 ስለነበር እንደማይደርስበት ያውቃል። ሥራውን ገና ላልጀመሩ ሰዎች አደራ ብሎ በ1742 ሞተ።

አደራው የተጠበቀው በጦርነት መካከል ነው። በ1761 እንግሊዝና ፈረንሳይ ይዋጉ ነበር፤ እንግሊዛውያኑ ሜሰንና ዲክሰን የተሳፈሩባት መርከብ በፈረንሳይ የጦር መርከብ ተመታ፣ ሰው ሞተ፣ ወደ ሱማትራ መድረስ ስላልቻሉም ልኬታቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ አደረጉ። ፈረንሳዊው ለዠንቲ ወደ ሕንድ ሲያመራ ፖንዲቼሪ በእንግሊዞች ተይዛ ስለጠበቀችው ቬነስን ያየው በምትናወጥ መርከብ ላይ ሆኖ ነው፤ ቦታው በውል ካልታወቀና ሰዓቱ ካልተስተካከለ ማየቱ ጥቅም የለውም። ስምንት ዓመት እዚያው አካባቢ ቆይቶ የ1769ኙን ጠበቀ። ቀኑ ሲደርስ ደመና ሸፈነበት። በ1771 አገሩ ሲመለስ ሞቷል ተብሎ ንብረቱ በወራሾች እጅ ገብቶ አገኘው። ሌላው ፈረንሳዊ ሻፕ የ1761ዱን በሳይቤሪያ ቶቦልስክ ካየ በኋላ ለ1769ኙ ወደ ባሃ ካሊፎርኒያ ሄዶ ልኬቱን በሚገባ ፈጸመ፤ በሁለት ወር ውስጥ እዚያው በወረርሽኝ ሞተ፣ መዝገቡ ብቻ ፓሪስ ደረሰ። ካፒቴን ኩክና ቻርልስ ግሪን በ1769 ጁን 3 ታሂቲ ላይ በጠራ ሰማይ ለኩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ያስመዘገቡት ሰዓት ግን አልገጠመም። ቬነስ የፀሐይን ጠርዝ ስትለቅ በእሷና በጠርዙ መካከል ጥቁር ጠብታ የመሰለ ድልድይ ስለሚታይ ትክክለኛዋ ቅጽበት ትደበዝዛለች፤ ሃሌይ በሰከንድ ይለያል ያለው ነገር በብዙ ሰከንድ ተለጠጠ።

ከእነዚያው ምልከታዎች ሆርንስቢ በ1771 ርቀቱን 93,726,900 የእንግሊዝ ማይል አደረገው፤ ወደ 150.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ኤንከ ደግሞ በ1824 ያንኑ መዝገብ በአዲስ የስሌት ዘዴ መርምሮ ወደ 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወሰደው፤ ብዙዎችም ለሠላሳ ዓመት ያህል ተቀበሉት። የኋለኛው፣ የተራቀቀው ስሌት ከቀደመው ይልቅ ከእውነት መራቁ ያሳዝናል፤ የስሌት ጥበብ የደበዘዘን ምልከታ ሊያጠራው አይችልም። ታዲያ ይህ ሁሉ መከራና ሞት ለምን ነበር የሚል ይኖራል። መልሱ በቁጥሩ ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የካሲኒ ልኬት በሰፊ ጥርጣሬ የተከበበ ነበር፤ ከ1769 በኋላ ክርክሩ በሁለትና በሦስት በመቶ ላይ ብቻ ሆነ። ድልድዩ ተሠርቷል፣ የቀረው ማጥበቅ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ቬነስ በ1874ና በ1882 እንደገና ስታልፍ መንግሥታት ብዙ ቡድን አሰማሩ። ከእነዚህ ቡድኖች መሪዎች አንዱ በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው። አንትዋን ዳባዲ ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እየለካ የሰሜኑን አገር ካርታ ያነሣ፣ የግዕዝ ብራናዎችን የሰበሰበ፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ፈረንሳዊ ነው። መዝገበ ቃላቱ በወጣ ማግስት፣ በ1882፣ በ72 ዓመቱ የፈረንሳይን ቡድን እየመራ ቬነስን ለመለካት ወደ ሄይቲ ተጓዘ። በጎንደርና በስሜን ተራሮች መካከል የሠራበት ጥበብና ለፀሐይ ርቀት የሚያስፈልገው ጥበብ አንድ ነው፤ የታወቀ መነሻ መስመር፣ ከሁለት ጫፍ የተለኩ ማዕዘኖች፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘኑን መፍታት። ምድርን በወጉ ያልለካ ሰማይን በኪሎ ሜትር መናገር እንደማይችል ከዳባዲ ሕይወት የበለጠ ግልጽ ምስክር አይገኝም።

የ1874ና የ1882 ልኬቶች ውጤት ግን እንደ ወጪው አልሆነም፤ ጥቁሩ ጠብታ ፎቶግራፍንም አልማረም። መንገዱ ቀድሞውንም ወደ ሌላ መዞር ጀምሮ ነበር። ፉኮ በ1862 በሚሽከረከር መስታወት የብርሃንን ፍጥነት በፓሪስ በአንድ ክፍል ውስጥ ለክቶ በሰከንድ 298,000 ኪሎ ሜትር አገኘ። ቀደም ሲል የብርሃን ፍጥነት የሚገኘው ከፀሐይ ርቀት ነበር፤ አሁን የፀሐይ ርቀት ከብርሃን ፍጥነት ይወጣ ጀመር፣ 148.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማም ሆነ። በ1898 ኤሮስ የምትባል ትንሽ ዓለት ተገኘች፤ በ1931 ወደ ምድር 26 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስትጠጋ በየአገሩ ያሉ የምልከታ ጣቢያዎች ፎቶግራፍ አነሷት። ስፔንሰር ጆንስ መዝገቡን አሥር ዓመት ያህል አስልቶ በ1941 ፓራላክሱ 8.790 ሰከንድ ነው፣ የምሳሳተውም ከ0.001 አይበልጥም አለ።

በዚህ ሁሉ ዘመን የየዕለት ሥራ ያለ ኪሎ ሜትር ይካሄድ ነበር። ጋውስ በ1809 የፕላኔቶችን ምሕዋር ሲያሰላ የፀሐይን ክብደት፣ ቀንንና የምድርን ርቀት ብቻ ይዞ 0.01720209895 የሚል ቁጥር አወጣ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1938 ይህንኑ ቁጥር አጸደቀ፣ በ1976ም አስትሮኖሚካል ዩኒትን የተረጎመው በእሱ ነው። በትርጓሜው ውስጥ ሜትር የለም። መለኪያው ለቁጥር ማሳጠሪያ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ይተረጎም ነበር። ያልተተረጎመው ምሕዋርን ከብዙ አኃዝ በላይ በጥራት ማስላት ሲቻል ኪሎ ሜትሩ ግን በአራተኛው አኃዝ ላይ ይናወጥ ስለነበር ነው፤ በኪሎ ሜትር የጻፈ ሰው የጠራውን ስሌት በደበዘዘው ቁጥር ያበላሸዋል።

በ1961 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎልድስቶን ከሚባል በረሃ የራዳር ሞገድ ወደ ቬነስ ተላከ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማሚቶው ተመለሰ። የሄደበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት ማባዛት ብቻ በቂ ሆነ፤ ማዕዘን የለም፣ ጠብታ የለም። ውጤቱ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነበር። የስፔንሰር ጆንስ ቁጥር ከዚህ ወደ 70,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እሳሳታለሁ ካለው ወሰን አራት እጥፍ ነው። ይህ ስሕተት ቬነስ በምትቀርብበት ርቀት ላይ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የቬነስ ዲያሜትር 12,100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ1962 ማሪነር 2 የተባለው መንኮራኩር ቬነስን በ35,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሲያልፍ መንገዱ የተቀየሰው በራዳሩ ቁጥር ባይሆን ኖሮ አደጋው ቀላል አልነበረም።

በ2012 ኦገስት ቤጂንግ የተሰበሰበው ኅብረት አስትሮኖሚካል ዩኒት በትክክል 149,597,870,700 ሜትር እንዲሆን ወሰነ። የጋውስ ቁጥር ከትርጓሜነቱ ተነሣ። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ እንግዲያው መለኪያው በሰዎች ስምምነት የተወሰነ ቁጥር ሆኖ ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ ይላሉ። ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ የሚለካው ነገር ተለወጠ እንጂ። ቀድሞ ምሕዋሩ የታወቀ፣ ሜትሩ የሚፈለግ ነበር። አሁን ሜትሩ የታወቀ ነው፣ የሚለካውም ምሕዋሩ ነው። ፀሐይ በብርሃን ብቻ በየሰከንዱ ከአራት ሚሊዮን ቶን በላይ ክብደት ታጣለች፣ ምሕዋሮችም በዝግታ ይሰፋሉ፤ በፀሐይ ክብደት ላይ የተመሠረተ መለኪያ ይህን ለውጥ ሊያሳይ አይችልም፣ አብሮ ይለወጣልና። ሌሎች ደግሞ ኪሎ ሜትሩ እስከ ሜትር ድረስ ከታወቀ መለኪያው ቢቀርስ ብለው ይጠይቃሉ። የሚያቆየው አሁን እውነትም ምቾት ነው፣ ልማድም ነው፤ የከዋክብት ርቀት የሚነገርበት ፓርሴክም በእሱ ላይ የቆመ ነው። ምቾቱ ግን ከ2012 ወዲህ የመጣ ምክንያት እንጂ የልደቱ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ለምትሰጡ መምህራን አንድ ልመና አለ። ለተማሪው 149,597,870,700ን ከማስጠናታችሁ በፊት የቬነስን 224.7 ቀን ስጡትና 0.7233ን ራሱ ያውጣ። ምድር በጃንዋሪ ከፀሐይ 147.1 ሚሊዮን፣ በጁላይ 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንደምትርቅም ንገሩት፤ ቋሚው መለኪያው ነው፣ ርቀቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ኪሎ ሜትሩን ከየት ታመጣዋለህ ብላችሁ ጠይቁት።